እንትን ይሁን

አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር፣
ከመጨረሻው ብሎክ ባሻገር፣ ከጤፉ ማሳ ድንበር፣
ኮዬ ፈጬ ዳር፣
ሰባተኛ «ሐ» አለ፤ ስድሳ አራት ልጅ፣ ሃያ ወንበር።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤
እኔ ባማርኛ አወርደዋለሁ፣
ኦብሴ ላጠገቧ በኦሮምኛ ታቀብላለች፤
ጥያቄው ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ነው
ደብተር ላይ የሚደርሰው፣
ጫማው እንደራሰ፣
ግማሽ ጭነቱ እንደፈሰሰ።

«ከአንድ ቁጥር በአምስት የሚያንስ» ለማለት
መጽሐፉ አምስትን ያስቀድማል፤
ልጆቹም እንደ ዳቦ ሰልፍ ቀድሞ ለመጣ ቦታ ሰጥተው
አምስትን ፊት፣ ቁጥሩን ኋላ፣ መሐል ሰረዝ፣ ይጽፉታል።
ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ፤
ተገላቢጦሽ ስል ጉሮሮዬ ደረቀ።

አንድ ሰኞ መጽሐፉን ከደንኩት።
«ሱቅ ሄዳችሁ አምስት ብር አወጣችሁ፤
እንዴት ብላችሁ ትነግሩኛላችሁ?»
«ከነበረኝ አምስት ቀነስኩ» አለች ኦብሴ።
ቃሏን እንደ ወረደ ጻፍኩት፦
የነበረው ፊት፣ አምስቱ ኋላ፣
ግሡ በር ሊዘጋ መጨረሻ።
ያቺ «ከ»፣ ያቺ አንዲት ፊደል፣
ከምን ላይ ምን እንደሚነሳ
ይዛ ኖራለች ሳትረሳ፤
እኔ ነኝ አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር
አፌ ውስጥ ያለች ባልደረባዬን ያላወቅኋት።

«የነበረሽ ስንት ነው?» አለ ጥጋቡ።
«እኔንጃ።»
«ያላወቅነውን እንዴት እንጽፋለን?»
«ተለዋዋጭ» አልኩ። ዝም።
«ያልታወቀ ቁጥር» አልኩ። ዝም።
ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፦ «እንትን!»
ክፍሉ በሳቅ ተናደ፤
የእኔም ቁጣ ከሳቁ ጋር ሄደ።
«ይሁን፤ እንትን ይሁን።
ስሙ ሲጠፋን፣ ያን እንትን አቀብለኝ ስንል
ማንኪያው ይመጣ የለ?
እንትን ሲቀነስ አምስት። ጻፉ።»

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ቢደበድብም
ማን ሰማው፤ ሁሉም የቤቱን ይዞ ተነሳ።
የአንዱ አባት ዘበኛ ነው፣ ደመወዙ ከአምና እንትን በሰባት መቶ ይበልጣል፤
የአንዷ እናት የእንትንን ግማሽ ሽንኩርት በስብሶባት ጣለች፤
የጥጋቡ ቤት ኪራይ የእንትን እጥፍ ሆነ፣ አከራዩ ሳይሳቀቅ።
ጠመኔዬ አጠረ፣ ጥፍሬ ቦርዱን ነካ።

«እንትን» ያለው ሸምሱ ነው።
በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል፣ ምክንያት አያቀርብም።
ተነሳና «የእኔስ ይጻፋል?» አለ።
«ውሃ ስትለቀቅ ጀሪካን እሸከማለሁ።
ምድር ቤት ለሚኖር አስር ብር፤
ፎቅ በወጣሁ ቁጥር አራት እጨምራለሁ።»
በወጣሁ «ቁጥር»! ብዜቱ
አንደበቱ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ሳያስተምረው።
አስር ሲደመር አራት እንትን፤ ስድሳ አራት እጅ ጻፈው።

«መልሱ ስንት ነው?» አሉ።
«መልስ የለውም፤ ሐረግ ነው፣ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤
እኩል ይሆናል የሚል ማሰሪያ አንቀጽ አልተሰጠውም።»
«ውሃ ባልመጣ ቀንስ?» አለች ኦብሴ።
«ያኔ ትምህርት ቤት እመጣለሁ» አለና ተቀመጠ።

ማታ ውሃ መጣ። በሬ ተንኳኳ።
እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ።
ጀሪካን የሚያመጣልኝ ሌላ ልጅ ነው፣ ሸምሱ አይደለም፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ለእህቴ «ያ እንትን መጣ» እላት ነበር፣
ሃያ ብር እሰጠው ነበር፣ እሱንም ተከራክሬ።
ደፉ ላይ ቆሜ አሰላሁት፦
እንትን አራት ሲሆን፣ ሃያ ስድስት።
ሰጠሁትና «ስምህ ማነው?» አልኩት።
ላቡን በክንዱ ጠረገ፣ ብሩን ሁለቴ ቆጠረ፤
«ምነው እትዬ» አለኝ፣ «ውሃው ጎደለ?»